ልጁ ታከመ፣ ጓሮውስ?

በላቦራቶሪ ሥራ ውስጥ ሰውን ከፊቱ ይልቅ በናሙናው ማወቅ የተለመደ ነው። ዛሬ ስለ እሱ የምጽፈውን ልጅ ግን በሁለቱም አውቀዋለሁ። ከጅማ ከተማ ብዙ በማይርቅ አንድ ወረዳ፣ በጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራ በነበረበት ጊዜ፣ ሰባት ዓመት ገደማ የሚሆነው ይህ ልጅ ከአያቱ ጋር በየካቲት፣ በሰኔና በጥቅምት ሦስት ጊዜ ተመላልሶ መጥቷል። ሦስቱንም ጊዜ ሰገራውን ያመጡት በክብሪት ቀፎ አድርገው፣ ቀፎውንም በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ነበር። በማይክሮስኮፑ ሥር ያገኘሁትም ሦስቱንም ጊዜ ያው የወስፋት እንቁላል ሲሆን፣ በሦስተኛው ላይ የጅራፍ ትል እንቁላል ተጨምሮበታል። በጥቅምቱ ቀን አያቱ የውጤቱን ወረቀት ከእጄ እየተቀበሉ በኦሮምኛ የጠየቁኝን አልረሳሁትም፤ «ልጄ፣ መድኃኒታችሁ ነው ውሸት ወይስ የዚህ ልጅ ሆድ ነው ከሰው የተለየው?» አሉኝ።

የሰጠኋቸው መልስ ዛሬም ያሳፍረኛል። «አዴ፣ እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ ጥፍሩን ቁረጡለት» ብዬ ቀጣዩን ሰው ጠራሁ። ምክሩ ስሕተት አልነበረም፤ ለጥያቄያቸው ግን መልስ አልሆነም። እኚህ ሴት የጠየቁት ስለ እጅ መታጠብ ሳይሆን፣ መድኃኒቱን በሚገባ የዋጠ ልጅ በአራት ወሩ ለምን ወደ ነበረበት እንደሚመለስ ነው፤ ይህ ደግሞ የዘርፉ ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት የደከሙበት ጥያቄ ነው። የዛሬው ጽሑፌ በዚያን ዕለት የነፈግኋቸው ረጅሙ መልስ መሆኑ ነው።

አስቀድሜ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። አማርኛችን ወስፋትን እንደ በሽታ ሳይሆን እንደ ቤተሰብ የሚያይ ቋንቋ ይመስለኛል። የተራበ ሰው «ወስፋቴ ጮኸ» ይላል፤ መጥፎ ወሬ የሰማ «ወስፋቴን ዘጋው» ይላል፤ የምግብ ፍላጎት ራሱ በትሉ ስም ይጠራል። ጅማ ውስጥ ባደግሁበት ሰፈር «ወስፋት የሌለው ሰው የለም» የሚለው አባባል እንደ ቀላል እውነት የሚነገር ነበር፤ ትሉ ከሰው ጋር አብሮ የሚኖር፣ ጣፋጭ ሲበላ ወይም ሸንኮራ ሲመጠጥ ብቻ የሚነሣ ነገር ተደርጎ ይታሰባል። ልጅ በእንቅልፉ ጥርሱን ካፋጨ ወስፋት ነው ይባላል። በሰገራው ትል የወጣለት ልጅም እናቱን ከማስደንገጥ ይልቅ «ወጣልህ» አሰኝቶ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነበር። ስኳር ትል እንደማይፈጥርና ጥርስ ማፋጨትም አስተማማኝ ምልክት እንዳልሆነ የተማርኩት በኋላ ነው፤ ነገር ግን ይህ እምነት ከስንፍና የመጣ ነው ብዬ አላምንም። ጎረቤቱ ሁሉ ትል ባለበት ቦታ ትል መያዝ የተፈጥሮ ሕግ ቢመስል አይገርምም።

ለአዋቂዎች የነበረን ጥንታዊ ሥርዓት ግን ሌላ ነው። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው የኮሶ ትል እንደሚይዘው ያውቃል፤ መድኃኒቱን ከዛፉ ያገኛል፤ ትሉም ዛፉም በአንድ ስም ይጠራሉ። በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ መጠጣት እንደ ወግ በሚታይበት ዘመን እንቆቆና መተሬም የየራሳቸው ቦታ ነበራቸው። ልብ ብለን ካየነው ያ ሥርዓት መድኃኒቱን ጠጥቶ፣ ጥሬ ሥጋውን ሳይተው፣ በቀጠሮ መልሶ መጠጣትን የተቀበለ ነው፤ ትሉ እንደሚመለስ አስቀድሞ ያምናል። በትምህርት ቤት በየዓመቱ የምናድለው ኪኒን ከዚህ ምን ያህል ይለያል ብዬ አንዳንድ ጊዜ እጠይቃለሁ።

ወደ ልጁ ልመለስ። አንዲት እንስት ወስፋት እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ልትረዝም፣ በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ልትጥል ትችላለች። አብዛኛው ሰው የማያውቀውና እኔም ለታካሚዎች ለማስረዳት ብዙ የምደክምበት ነገር ግን፣ ይህ እንቁላል ከሆድ በወጣበት ቀን ማንንም የማይዝ መሆኑ ነው። በውስጡ እጩ፣ ማለትም ገና ያልጎለመሰው ትል፣ እስኪያድግ ድረስ ሁለት ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ በእርጥብና በጥላማ አፈር ውስጥ መቆየት አለበት። ስለዚህ ሕፃኑን የሚይዘው ዛሬ የሚታየውና የሚሸተው ሰገራ ሳይሆን፣ ባለፈው ወር የተጣለውና ዛሬ ንጹሕ አፈር መስሎ የሚታየው ነው። ሰው የሚጸየፈው ትኩሱን ነው፤ ከአደገኛው ጋር ግን ሳያውቅ ይጫወታል።

ለእንዲህ ያለ እንቁላል የጅማ አካባቢ ምቹ አገር ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ዝናቡም ከበልግ እስከ ክረምት መጨረሻ ድረስ ብዙ ወራት ይዘልቃል። በዙሪያዋ ባሉት ወረዳዎች በማናም ሆነ በጎማ፣ በሰቃ ጮቆርሳም ሆነ በቀርሳ፣ ገበሬው የሚኖረው በቡናው ሥር ነው ማለት ይቻላል፤ ቤቱ፣ ጓሮው፣ ኮባውና ቡናው አንድ ጥላ ይጋራሉ። ቡናን የሚያለመልመው ጥላ፣ እርጥበትና ለስላሳ አፈር የትሉን እንቁላል ከፀሐይ ቃጠሎ ይጠብቀዋል። የእንቁላሉ ቅርፊት ወፍራምና የሚለጠፍ በመሆኑ ከጥፍር፣ ከወደቀ ዘይቱን ወይም ከጓሮ ካሮት ጋር በቀላሉ ይያያዛል። ምቹ አፈር ካገኘ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ለመጠጥ ውኃ የምንጨምረው ክሎሪንም አይገድለውም፤ የሚገድለው የፈላ ውኃ ነው።

ልጁ ከዋጠው በኋላ እጩ በትንሹ አንጀት ይፈለፈላል፤ የአንጀቱን ግድግዳ በስቶ በደም ወደ ጉበት፣ ከጉበትም ወደ ሳንባ ይጓዛል፤ እዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ከቆየ በኋላ ወደ ጉሮሮ ይወጣና ተመልሶ ይዋጣል። በዚህ ወቅት የሚመጣውን ሳል እናቶች «ብርድ መታው» ይሉታል፤ እውነቱን ለመናገር እኛም የጤና ባለሙያዎች ብዙውን ጊዜ ከዚያ አልፈን አናስብም። ትሉ አድጎ ራሱ እንቁላል መጣል እስኪጀምር ድረስ ከመዋጡ ቀን አንሥቶ ሁለት ወይም ሦስት ወር ይፈጃል። ይህን ቁጥር ይዛችሁ የልጁን ቀናት አስሉ። በየካቲት ታክሞ በሰኔ እንቁላል ካየሁበት፣ አዲሱን የዋጠው ኪኒኑን በወሰደ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መሆን አለበት፤ አለዚያም ኪኒኑ በገባ ቀን እጮቹ በጉበትና በሳንባ ጉዞ ላይ ስለነበሩ ብዙም ሳይነካቸው ቀርቷል።

ሌላው የአንጀት ትል፣ የመንጠቆ ትል፣ ደግሞ ለመግባት አፍም አይፈልግም። እንቁላሉ አፈር ላይ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይፈለፈልና ከአምስት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ እጩ ባዶ እግር ላይ ጥቃቅን ቀዳዳ ከፍቶ ለመግባት ዝግጁ ይሆናል። ቡና በሚለቀምበት ወራት ማለዳ ጤዛ ሳይረግፍ በባዶ እግሩ ወይም በኮንጎ ጫማ ወደ ጫካው የሚገባ ልጅ ከዚህ እጭ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ትሉ አንጀት ውስጥ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል። በአገራችን የሚበዛው ዓይነት አንዱ ትል በቀን 0.03 ሚሊ ሊትር ገደማ ደም ያስወጣል፤ ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን መቶ ትል ያለበት ልጅ በወር 90 ሚሊ ሊትር ያጣል ማለት ነው፤ 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ጠቅላላ ደሙ ደግሞ ከአንድ ሊትር ተኩል ብዙም አይበልጥም። ጎመንና ቆሎ እየበላ ያንን የሚተካበት ብረት ከየት ያመጣል? ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋውን፣ የሚገረጣውን፣ በእረፍት ሰዓት ከግድግዳ ተጠግቶ የሚቀመጠውን ልጅ መምህሩ «ሰነፍ» ይለዋል። ስለ ጅራፍ ትል የምለው አጭር ነው፤ በብዛት ሲኖር ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ያመጣል፣ ፊንጢጣንም እስከ ማስወጣት ይደርሳል፤ ኪኒናችንም በእሱ ላይ ብዙ ጉልበት የለውም።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ሙያ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። በተለመደው አሠራር አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ ጥቂት ሰገራ በእንጨት ጫፍ ቆንጥሮ፣ ስላይድ ላይ በጨው ውኃ በጥብጦ ያያል፤ መጠኑ ሁለት ሚሊ ግራም ቢሆን ነው። ትሉ በርካታ ከሆነ ይታያል፤ ጥቂት ከሆነ ሊያመልጥ ይችላል። ቀደም ሲል በሠራሁበት አንድ ቦታ የታካሚው ሰልፍ ከበር ውጭ ስለሚዘልቅ፣ ስላይዱን በአንድ ደቂቃ ቃኝተን «ጥገኛ ተውሳክ አልታየም» ብለን የምንጽፍበት ቀን ጥቂት አልነበረም። እኔም ጽፌያለሁ። «አልታየም» እና «የለም» የተለያዩ ቃላት እንደሆኑ ወረቀቱን የሚቀበለው ገበሬ አያውቅም፤ ወረቀቱን የሚያነበው ሐኪም ያውቃል፤ ግን እሱም ጊዜ የለውም።

ለጥናት የምንጠቀምበት ካቶ ካትዝ የሚባለው ዘዴ ከዚህ የተሻለ ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1954 ጃፓን ውስጥ ሲሆን፣ በ1972 ብራዚል ውስጥ ተሻሽሎ ዛሬ የምናውቀውን መልክ ያዘ። ሰገራው በወንፊት ይጠለላል፤ ቀዳዳ ባለው ትንሽ ፕላስቲክ ተለክቶ 41.7 ሚሊ ግራም ይወሰዳል፤ ከዚያም ግሊሰሪንና አረንጓዴ ቀለም በጠጣ ሴሎፎን ተሸፍኖ ይጨፈለቃል። የተቆጠረው እንቁላል በ24 ሲባዛ በአንድ ግራም ሰገራ ውስጥ ያለውን ቁጥር ይሰጣል። ዘዴው የራሱ ጣጣ አለው፤ ግሊሰሪኑ ሁሉንም እያጠራ ሲሄድ ቅርፊቱ ስስ የሆነው የመንጠቆ ትል እንቁላል አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ያላነበበ ሰው በሰላም «የለም» ብሎ ይጽፋል። አንድ ጊዜ ለምሳ ወጥቼ ስመለስ፣ ቀደም ብዬ በዓይኔ ያየኋቸው እንቁላሎች ከስላይዱ ላይ ጠፍተው አግኝቻለሁ።

ከአንድ ዳሰሳ ጥናት የተረፈ ጥቂት የካቶ ካትዝ ዕቃ በመሳቢያዬ ስለነበረ፣ አያቲቱ ከሄዱ በኋላ በዚያው በጥቅምት ናሙና ላይ ሠራሁበት። ቆጠራው 412 የወስፋት እንቁላል ሆነ፤ በ24 ሲባዛ በግራም 9,888። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ በግራም እስከ 4,999 ያለው ቀላል፣ ከ5,000 እስከ 49,999 ያለው መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ያለው ከባድ ይባላል። ልጁ መካከለኛው ላይ ነበር። ይህ መለኪያ ጥቅሙ ብዙ ነው፤ አንድ ልጅ ትል አለው ወይስ የለውም ከሚለው ይልቅ ስንት አለው የሚለው ጤናውን ይወስናልና። በአንድ መንደር ያለው ትል ለሁሉም ልጅ እኩል አይታደልም፤ አብዛኛው በጥቂት ልጆች ሆድ ውስጥ ይከማቻል። ሪፖርት የምናደርገው ቁጥር ግን የተያዙት ልጆች መቶኛ ብቻ ስለሆነ እነዚያ ጥቂቶች ከሌሎቹ ጋር ተደባልቀው ይጠፋሉ።

የአያቲቱ የመጀመሪያ ጥያቄ መድኃኒቱ ውሸት ነው ወይ የሚል ነበር። አይደለም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ፣ ሰባት አገሮችን ባካተተ ጥናት፣ አንድ ጊዜ የሚዋጥ 400 ሚሊ ግራም አልቤንዳዞል (ያው የትል ኪኒናችን) ወስፋት ከነበረባቸው የትምህርት ቤት ልጆች 98.2 በመቶውን፣ የመንጠቆ ትል ከነበረባቸው 87.8 በመቶውን አድኗል። በጅራፍ ትል ላይ ግን 46.6 በመቶ ብቻ ነው፤ ከግማሽ በታች። ልጁ የዋጠው ኪኒን ወስፋቱን በትክክል ጠርጎለታል፤ የጅራፍ ትሉን ከመጀመሪያውም አልቻለው ይሆናል።

ሁለተኛው ጥያቄ የልጁ ሆድ የተለየ ነው ወይ የሚል ነበር። እሱም አይደለም። በልዩ ልዩ አገሮች ከሕክምና በኋላ የተደረጉ ክትትሎችን አንድ ላይ ያጠናቀረና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ትንተና እንደሚያሳየው፣ ከኪኒኑ ሦስት ወር በኋላ በወስፋት የተያዙት ሰዎች ከሕክምና በፊት ከነበሩት 26 በመቶ ይሆናሉ፤ በስድስት ወር 68፣ በዓመቱ 94 በመቶ ይደርሳሉ። የጅራፍ ትል በዓመቱ 82፣ የመንጠቆ ትል 57 በመቶ ይመለሳል። ዓመቱን ጠብቆ የሚመጣ ኪኒን ወስፋትን የሚያገኘው ሊሞላ ስድስት በመቶ ሲቀረው ነው ማለት ነው። ይህን ስላነበብኩ ኪኒኑ አይረባም አልልም፤ በመካከሉ ያሉት ወራት ለልጁ ዕድገት ዋጋ አላቸው፤ የትሉ ብዛትም ወዲያው ወደ ቀድሞው አይመለስም። ነገር ግን ኪኒኑ የሚያጸዳው ሆድን ነው። የጓሮውን አፈር የሚያክም ኪኒን የለም።

ብሔራዊው የትምህርት ቤት የትል መድኃኒት ዘመቻ በአገራችን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015 ነው፤ ከዚያ ወዲህ በነጻ የሚለገሰው መድኃኒት ሚሊዮኖች ልጆችን ደርሷል፤ ትልቅ ሥራ ነው። እኔ የተገኘሁበት አንድ ዓመት ዘመቻ ግን የዋለው ቡና በሚለቀምበት ሳምንት ነበር። መምህሩ ስም ሲጠራ ከየወንበሩ ዝምታ ይመለስ ነበር፤ እጅግ ባዶ እግራቸውን የሚውሉት ልጆች በዚያች ቀን ቡናው ሥር ነበሩ። ኪኒኑ ትምህርት ቤት ያልገባውን ልጅ፣ እናቱን፣ አያቱን፣ የቀን ሠራተኛውንም አያገኝም፤ የመንጠቆ ትል ደግሞ ከልጅ ይልቅ በአዋቂ የሚበረታ ነው። ከሁለት ዓመት በላይ ያሉት ሕፃናት ከቫይታሚን ኤ ጋር በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በኩል ያገኛሉ፤ ቤተሰብ እንደ ቤተሰብ ግን በአንድ ቀን አይታከምም።

ይህ ኪኒን የልጆችን ትምህርት ያሻሽላል ወይ በሚለው ላይ ትላልቅ ሰዎች ተከራክረዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የኬንያ ጥናት ከትምህርት ቤት መቅረት በአንድ አራተኛ እንደቀነሰ አሳይቶ ነበር፤ ከጸሐፊዎቹ አንዱ ማይክል ክሬመር በ2019 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ሰዎች አንዱ ናቸው። በኋላ መረጃውን የመረመሩ ሌሎች ሊቃውንት ውጤቱን ተጠራጥረዋል፤ በርካታ ጥናቶች ሲደመሩም አማካይ ለውጡ ትንሽ ነው ብለዋል። በስሌቱ ለመግባት ዕውቀቱ የለኝም፤ ነገር ግን ትል በጥቂቶች ላይ የሚከማች ከሆነ፣ አማካይ የሚባለው ነገር የሚያወራው ስለነዚያ ጥቂቶች ላይሆን ይችላል የሚል ጥርጣሬ አለኝ።

በነገራችን ላይ በጅማ ዙሪያ ከአንዳንድ ጅረቶች የሚያዘው ቢልሃርዚያ በዚህ ኪኒን አይድንም። እሱ የሚመጣው በውኃ ውስጥ ካለ ቀንድ አውጣ ሲሆን መድኃኒቱም ፕራዚኳንቴል ነው፤ መጠኑ እንደ ክብደት ስለሆነ በትምህርት ቤት የልጆች ቁመት በምልክት እንጨት ተለክቶ ይሰጣል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1960ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ልብስ የሚታጠብበት እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል ያስተዋሉት ለዚሁ በሽታ ነበር። ይህ ራሱን የቻለ ታሪክ ስለሆነ እዚህ ላይ ልተወው።

የጅማ ተማሪዎች ሲቢቲፒ የምንለውን አስታውሳለሁ፤ በቡድን ሆነን ቀበሌ ገብተን፣ ቤት ለቤት በመጠይቅ የምንዞርበት የማኅበረሰብ ትምህርት ነው። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ሽንት ቤት አለ? የለም?» የሚል ነበር፤ እኛም ባለው ላይ ምልክት አድርገን እናልፋለን። ልጁን በተመለከተ በጥቅምት መጨረሻ ቅዳሜ ቀን ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ወደ አያቲቱ ቤት ስሄድ፣ በዚያ መጠይቅ ቢሆን ኖሮ «አለ» ብዬ የምሞላው ሽንት ቤት አገኘሁ። በጭቃ የተመረገ፣ ክዳን ያለው፣ ደኅና ሽንት ቤት ነው። ወደ እሱ የሚወስደው መንገድ ግን ሣር ለብሷል። የቤቱ አዋቂዎች ወንዶቹ ቡናው ውስጥ ይጸዳዳሉ፤ ሴቶቹ ሲመሽ ሽንት ቤቱን ይጠቀማሉ፤ ልጆቹ ጉድጓዱን ስለሚፈሩት አይገቡበትም። በቤቱ ውስጥ ሁለት ዓመት ያልሞላት ታናሽ እህት አለች። እሷ በረንዳው ላይ ስትጸዳዳ አያቲቱ በመቆፈሪያ ዝቀው ከኮባው ሥር ጣሉት፤ ፊት ለፊታችን፣ ያለ ሐፍረት፤ የሚያሳፍር ነገር አልመሰላቸውምና። ስጠይቃቸው «የሕፃን ሰገራ ምን አለው? ገና ወተት ነው» አሉ።

ኮባው ያለበት ቦታ ለስላሳና ጥላማ ነው። ልጁና ጓደኞቹ ብይ የሚጫወቱት እዚያ ነበር፤ የብዩ ጉድጓድ የተቆፈረው መቆፈሪያው ከሚራገፍበት ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ነው።

በዚያን ዕለት ረጅሙን መልስ ነገርኳቸው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከእኔ በተሻለ ኦሮምኛ አስረዳችልኝ። ስለ እንቁላሉ ስንነግራቸው ዝም አሉ፤ አፈር ውስጥ ሦስት ሳምንት እንደሚቀመጥ ስንነግራቸው ግን «እንደ ዶሮ ማለት ነው፤ ታቅፎ» አሉ። ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ በየትኛውም ሥልጠና ሰምቼ አላውቅም፤ ከዚያ ወዲህ ራሴም የምጠቀመው እሱን ነው። የሕፃኗን ሰገራ ወደ ጉድጓዱ መጣል አላስቸገራቸውም፤ ያስቸገራቸው ልጁን ወደ ሽንት ቤቱ ማስገባት ነው፤ ለዚያም አጎቱ በጉድጓዱ አፍ ላይ ጠበብ ያለ ሰሌዳ ሊያነጥፉለት ተስማሙ። ሁለተኛው ሐሳቤ የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን እንዲመረመር ነበር፤ ክዳን ያላቸው ስድስት የናሙና ዕቃዎች ሰጠኋቸው። «እኔን አሮጊቷን ደግሞ ምን ልታደርጉ ትመረምራላችሁ?» ብለው ሳቁ፤ ግን አመጡ።

ሰኞ ጠዋት ስድስቱን አሰለፍኩ። የእሳቸውን ስላይድ ያየሁት ካዘጋጀሁት በ25ኛው ደቂቃ ነው። ወስፋት የለባቸውም። ስስ ቅርፊት ያለው፣ ውስጡ ገና በአራትና በስምንት የተከፈለ፣ መስታወት የመሰለ እንቁላል ግን በየመስኩ ተደርድሯል፤ የመንጠቆ ትል። ከእጃቸው ደም ስንወስድ ሄሞግሎቢናቸው (የደም ማነስ የሚለካበት) 8.6 ሆነ፤ ከሚገባው በጣም ያነሰ። ዓመቱን ሙሉ ዳገት ሲወጡ የሚያቆማቸውን ድካም «እርጅና ነው» ሲሉ ኖረዋል፤ ልጁን ይዘው በመጡ ቁጥርም እኔ ካለሁበት መስኮት ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ አይቻቸዋለሁ፤ አንድም ቀን ግን ለምን አልመረምራቸውም ብዬ አላሰብኩም፤ በሽተኛው ልጁ ነበርና። ከስድስቱ አራቱ አንድ ወይም ሁለት ዓይነት ትል ነበራቸው። የጤና መኮንኑ ለሁሉም በአንድ ቀን መድኃኒት ጻፉላቸው፤ ለአያቲቱ የብረት ኪኒን ጨመሩላቸው።

ልጁ በቀጠሮው በየካቲት መጣ፤ በዚህ ጊዜ ናሙናው በኮባ ቅጠል አልተጠቀለለም። በካቶ ካትዝ 7 የወስፋት እንቁላል ቆጠርኩ፤ በግራም 168። አያቲቱ «አሁንም አለ?» ሲሉ ጠየቁኝ። አለ፤ ግን ከድሮው ጋር አይገናኝም አልኳቸው፤ የጅራፍ ትሉ ግን እንደነበረ ነው፤ ይህንንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው።